የሦስት ፍሬ ዕዳ

በዋግ፣ በተወለድኩባት ጽጽቃ ገበጣ የሚጀመረው ቁርቁራ ሲበስል ነበር። ቁርቁራውን በልተን ጠጠር የመሰለውን ፍሬ እንተፋና አጥበን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። አርባ ስምንት ሲሞላ ጨዋታ ነው። እስኪሞላ መታገሥ ያቃተው የጎደለውን በፍየል በጠጥ ያሟላል፤ የአበርገሌ ፍየል አገር ነውና በጠጥ ቸግሮን አያውቅም።

ገበጣችን በደጃችን ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ የተፈለፈለ ነው፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ። ማን እንደፈለፈለው አይታወቅም። አያቴ ተድራ ስትመጣ እዚያው አገኘችው። በእያንዳንዱ ቤት አራት አራት ፍሬ ይገባል። ከአንዱ ቤት ዘግነህ አንድ አንድ እያልክ ታድላለህ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ቤት ከገባች ተራህ አለቀ፣ አራት የሞላ ቤት ግን ይበላል። ይህ የእኛ ደጅ ደንብ ነው፤ ወንዝ ስትሻገር ይለወጣል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነት መዝግበዋል። የየጎረቤቱን ቢቆጥሩ ኖሮ መጽሔቱ አይበቃቸውም ነበር እላለሁ።

አለቱን የምንከበው ከአራት ዓመት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ያለን ልጆች ነን። አንተ ትንሽ ነህ ሂድ የሚባል አልነበረም። ትልቁ ልጅ አንድ ቤቱን ባዶ አድርጎ ይጀምራል። መካከለኛው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። የመጨረሻዋ ትንሽ የጎታ ጠባቂ ናት፤ የተበላውን ፍሬ በቀሚሷ እቅፍ ትይዛለች። ሲደክማት አያቴ ጉልበት ላይ ወጥታ ትጫወታለች፣ እጁ የእሷ፣ ሐሳቡ የአያቴ። አያቴ ስትቆጥር በኽምጣኛ ነው። አራት ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ስለምታደርግ እስከ አራት ያለውን ሁላችንም አወቅነው።

የጎታ ጠባቂዋ ታናሽ እህቴ ነበረች። አንድ ቀን፣ አሥር ዓመቴ ነው፣ ወደ ማሸነፉ ተቃርቤ ሦስት ፍሬ ጎደለኝ። እህቴ አንዲት ጫጩት ስታይ ከእቅፏ ሦስቱን ወሰድኩ። ማታ አያቴ ቆጠረች። እህቴ አለቀሰች። እኔ «ፍየል በልታው ይሆናል» አልኩ። አያቴ ቀና ብላም አላየችኝ፤ «እንግዲያማ ነገ ፍየሏ ከእኛ ጋር ትጫወት፣ አንተ በእሷ ፋንታ ገደል ትወጣለህ» አለች። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ከፍየሎቹ ኋላ ስንከራተት የጨዋታው ሳቅ እስከ ገደሉ ይሰማኝ ነበር። ፍሬዎቹን ግን አልመለስኩም።

በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ዘመን ቁርቁራው ሳይበስል ተለቅሞ አለቀ። አገሩ እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ሲነሳ እኛም ተነሣን። አያቴ «እኔ ደጄን እጠብቃለሁ» ብላ አለቱ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

አሁን እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ አሥራ አንድ፣ ስምንትና አራት ዓመት። አንድ ቅዳሜ ሉዶ ገዝቼ ገባሁ። ካርቶኑ ላይ «ከ6 ዓመት በላይ» ይላል፤ ስለዚህ ጨዋታው ገና ሳይከፈት ትንሹ ከካርቶኑ ሕግ ውጭ ሆነ። ቢሆንም እንዲገባ ተፈቀደለት። ሉዶ ላይ ደግሞ ስድስት ካልወጣ ከቤት መውጣት የለም፤ ልጁ ዳይሱን ሃያ ጊዜ ቢወረውር ስድስት እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ተራ መጠበቅ ተወ፤ የሁሉንም ጠጠር በአንዴ ይነዳው ጀመር። በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ እንዲህ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ይነዱ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ያየው ሰንጠረዥ እኛ ሳሎን ውስጥ ተነሣ ማለት ነው። ትልቋ «ይኼ ጨዋታ አይደለም» ብላ ስልኳን ይዛ ሄደች። መካከለኛው ተከተላት። እኔስ? ትንሹን ካርቱን ከፍቼለት ኳስ አየሁ። ማንንም ጉልበቴ ላይ አላስቀመጥኩም።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ይዣቸው ጽጽቃ ወረድኩ። እህቴ ከኮረም ተመልሳ እዚያው ደጅ ተድራ ልጆች አሳድጋለች። አለቱ አለ፤ ዶሮዎቿን ውኃ ታጠጣበታለች። ልጆቼ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት ዶሮዎቹን እሽ ብላ ውኃውን በመዳፏ ቀዳችው፣ ጉድጓዶቹን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ከጣሳ ፍሬ አውጥታ አራት አራት አደረገች። ደንቡን አላስረዳችም። ትንሹን ጉልበቷ ላይ አወጣችውና እጁን ይዛ አደላች። ትልቋን «አንቺ አንድ ቤት ባዶ አድርጊ» አለቻት። ልጅቷ ለምን ሳትል አደረገች፤ እኔም ከእሷ ወገን ገባሁ።

እህቴ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ በኽምጣኛ። ልጆቼ ይከተሏታል። እኔም ተከተልኩ፤ አራት ላይ አፌ ቆመ። እነሱ አምስት፣ ስድስት እያሉ አለፉኝ። ጨዋታው ሲያልቅ አሸነፍኩ፤ በአራት ፍሬ በልጬ። እህቴ ከፊቴ ካለው ክምር ሦስት ፍሬ አንሥታ ትንሹ ልጄ እቅፍ ውስጥ ጣለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ፍየሏ መለሰችው፣ ወንድም ጋሼ» አለችና ዶሮዎቿን ጠራች።