የወልቂጤና የቡታጅራ ወፍጮ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ወልቂጤን እናገኛለን፤ ቡታጅራ ግን ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በሁለቱም ከተማ በገበያ ቀን የሞተር ወፍጮ ድምፅ ይሰማል። እናቶች በቆሎውን፥ አባቶቻችን የባሕር ማሽላ ያሉትን፥ በጆንያ ያመጣሉ፤ ዱቄቱንም ይዘው ይመለሳሉ። ቀድሞ ሴቲቱ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፥ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ወገቧ እስኪዝል ትፈጭ ነበር።

ሞተርም ሆነ እህል ያለ መንገድ አይደርስም። የጉራጌ ተወላጆች ይህን አስተውለው በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ፤ ከየኪሳቸውም አዋጥተው አገራቸውን ከዋናው መንገድ ጋራ አገናኙ።

ለባለቤቶች አንድ ምክር እንጨምራለን። በቆሎ ሳይደርቅ ቢከማች ይሻግታል፤ ሻጋታውም መርዝ ያፈራል። በፍሬው እምብርት ዘይት ስላለ ዱቄቱ ሲቆይ ጣዕሙ ይለወጣል። ስለዚህ አድርቆ ማኖር፥ ጥቂት ጥቂት እያሉም ማስፈጨት ይገባል።

ነገር ግን የአገሩ ዋና ምግብ እንሰት ነው፤ እርሱን መፋቅ እስከ ዛሬ በብዙው ቤት በሴቶች እጅ ይሠራል። በቆሎ የሰጠውን ዕረፍት እንሰትም እንዲሰጥ መሣሪያውን ማዳረስ የሚችል ሁሉ ይትጋ፤ ያን ጊዜ የእናቶች ድካም በእውነት ቀለለ እንላለን።