የተረት ዳቦ

መቀመጫውን በኦሪገኗ ፖርትላንድ ያደረገው «ዘ ዲሴምበሪስትስ» የተባለ የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ክሬን ዋይፍ» የተሰኘ አልበም አወጣ። አልበሙ ስሙንም ዋና ታሪኩንም የወሰደው ከአንድ የጃፓን ተረት ነው። ድኻ ሰው የቆሰለች ሽመላ አግኝቶ ያክማታል፤ ድናም ትበራለች። ብዙ ሳይቆይ አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ቤቱ ትመጣለች፤ ያገባታል። ሴቲቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድንቅ ጨርቅ ትሸምናለች፤ ባል እየሸጠ ኑሮው ይቃናል። ውሏ አንድ ብቻ ነው፦ ስትሸምን እንዳያያት። ባል ግን ሌላ ጨርቅ፣ አሁንም ሌላ ይላታል። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ሲመለከት፣ ላባዋን ከገላዋ እየነቀለች የምትሸምን ሽመላ ያያል። እርሷም ጥላው ትበራለች።

ባንዱ የተረቱን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። ሦስተኛው ክፍል አልበሙን ሲከፍት፣ አንደኛውና ሁለተኛው ወደ ማብቂያው ይመጣሉ። አድማጩ ጸጸቱን ከጥፋቱ አስቀድሞ ይሰማል።

ይህ ተረት ለስደተኛ ቤት ማብራሪያ አያሻውም። በኮሎምቢያ ሃይትስ አፓርታማ ተከራይታ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርታ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምትልክ እናት ላባው ከየት እንደሚነቀል ታውቃለች። ተቀባዩ የሚያየው ጨርቁን ነው። ከላባዎቹ አንዱ ደግሞ በሐዋላ ደረሰኝ ላይ አይሰፍርም፦ ለልጅ ተረት ይነገርበት የነበረው የማታ ሰዓት። በዚህ መንገድ ያደገ ልጅ የጃፓኑን ተረት በጊታር ታጅቦ በጆሮ ማዳመጫው ይሰማ ይሆናል፤ «ተረት ተረት» ሲሉት ግን «የላም በረት» ብሎ መመለስ አይችልም።

የጎደለው መሣሪያ አይደለም። ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ ሮክ በአማርኛ መዘፈን እንደሚችል አሳይቷል። የጎደለው ተረትም አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከአርባ ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረዋል፤ ብሪታንያዊቷ ደራሲ ኤሊዛቤት ሌርድም በየክልሉ ተዘዋውራ የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስባለች። የጎደለው ተራኪውን ከሙዚቀኛው የሚያገናኘው ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ወጪ አለው። ተረት የወል ሀብት ነው፤ አንዱ ስለሰማው ለሌላው አይጎድልም። ይሁን እንጂ ነፃ የሆነው መስማቱ እንጂ ማቆየቱ አይደለም። ሁሉም የሚጠቀምበትን፣ ማንም ለብቻው ሊከፍልለት አይነሣሣም።

ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቅጽ በአማርኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ሕጉ ግን ልጅ በአማርኛ እንዲያልም ሊያደርግ አይችልም፤ ያ የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው።

ድርሻው ከአቅም በላይ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያሉ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች በዓመታዊ በጀታቸው አንድ መስመር ሊጨምሩ ይችላሉ፦ ተረት ለሚያውቁ አረጋውያን የሚከፈል አበል፣ ለቀረጻ የሚሆን ገንዘብ፣ ቅጂውንም ለወጣት ሙዚቀኞች በነፃ የመስጠት ግዴታ። ከዚያ ልጆቹ ከርከሮውንና ጦጣውን በጊታር ያጅቡ ወይም በከበሮ፣ ምርጫው የእነርሱ ነው።

አበሉ ምጽዋት አይደለም። የአማርኛ ተራኪ ዋጋውን ከጥንት ጀምሮ በግልጽ ሲጠይቅ ኖሯል፦ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።