ሌላ ሊኑክስ ለማን?

አዲስ የሊኑክስ ስርጭት ወጣ ሲባል ደስታም ድካምም ይሰማኛል። ስርጭት ወይም ዲስትሮ የምንለው የሊኑክስን ከርነል ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ ለተጠቃሚ ማቅረብ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ተነስቶ የራሱን መሥራት ይችላል፤ በመቶ የሚቆጠሩትም እንዲህ ነው የተወለዱት። ታዲያ ይሄ ሁሉ ብዛት ኦፕን ሶርስን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?

መብቱ ላይ አልደራደርም። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመጣ ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ ነበረ፤ የተሠራውም በዴቢያን ላይ ነው። ያኔ «ዴቢያን ይበቃል» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ብዙዎቻችን ሊኑክስን ባላወቅነው ነበር። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ሬድ ሃት፣ ሴንትኦኤስ 8 በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። ድጋፉ እስከ 2029 ይዘልቃል ብለው ሰርቨራቸውን በእሱ ላይ ያቆሙ ሰዎች ደነገጡ። አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ በ2021 ደረሱላቸው። አዲስ ስርጭት የመሥራት ነፃነት ባይኖር ይሄ ማምለጫ ከየት ይመጣ ነበር?

ድካሙ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ፣ ወደ ሰርቨሮች ሰርጎ ለመግባት ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። መሣሪያው በአብዛኞቹ ስርጭቶች ውስጥ አለ፤ ለዓመታት የተሸከመው ግን በዋናነት አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። አጥቂው የገባው የደከመውን ሰው የሚያግዝ መስሎ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል። እኛ እኮ ሃምሳ ቅርጫት እየሠራን ሎሚውን ለአንድ ሰው ተውንለት።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ የራሳችንን ዲስትሮ እናውጣ ብሎ ቅዳሜዎቼን ጠየቀኝ። ስሙና አርማው አልቋል። «ከኡቡንቱ በምን ይለያል?» ስለው «በአማርኛ በደንብ ይሠራል» አለኝ። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን የትርጉሙን ወይም የኪቦርዱን ጉድለት በራሳችን ስርጭት ብቻ ብናርመው፣ የሚጠቀመው የእኛን የጫነ ብቻ ነው። እርማቱን ለዋናው ፕሮጀክት ልከን ቢቀበሉት ዴቢያንም ኡቡንቱም ፌዶራም ጋ ይደርሳል። ደግሞስ ሥራ በዝቶብን ብንተወው የደኅንነት ማሻሻያውን ለተጠቃሚው ማን ይልክለታል? ቅዳሜዎቼን ለእርማቱ ሰጠሁ፤ ለአርማው አልሰጠሁም። ትንሽ ተኮራርፈን ሰነበትን።

ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከምንጩ ቀድቶ ለምንጩ ምንም የማይመልስ ስርጭት ይጎዳል። የሚመልስ፣ ወይም እንደ አልማና ሮኪ የሰው ሥራ ሊቋረጥ ሲል የሚደርስ ስርጭት ይጠቅማል፤ መቶ ቢሆንም አይበዛብኝም።