በነሐሴ ወደ ላሊበላ ለምትነዱ

ፍልሰታ ሲፈታ የላስታ መንገድ ይሞላል። ነሐሴ 16 ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ቆቦ ላይ ሶለል ይጀመራል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴና ከባሕር ዳር የራሱን መኪና ይዞ የሚመጣ አለ፤ በሚኒባስ ተጨናንቆ የሚመጣም አለ። በዓሉ የሚውለው ግን ክረምቱ በበረታበት ሰሞን ነው። ለገና ስትመጡ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የነዳችሁበት መንገድ በነሐሴ ያው መንገድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፍጥነት ነው። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው “በዝናብ ስንት ልንዳ? 60 ይበዛል?” ብሎ ነው። ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ሕግ ግን አለ፦ ከፊታችሁ በሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም የማትችሉበት ፍጥነት ሁሉ ከልክ በላይ ነው። የታየው 200 ሜትር ከሆነ በ200 ሜትር፣ ጉም ወርዶ የሚታየው 40 ሜትር ከሆነ በ40 ሜትር ውስጥ መቆም መቻል አለባችሁ። ከጉሙ ባሻገር ያለውን የሚያውቅ ሹፌር የለም፤ ላም ትሁን፣ ናዳ ያወረደው ድንጋይ ይሁን፣ ጎማ የፈነዳበት አይሱዙ ይሁን ቀርቦ ካልታየ አይታወቅም።

መንገዱን እናስበው። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ በድልብ በኩል ጥምዝምዙን ዳገት ወጥታችሁ ጋሸና ስትደርሱ 3,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እሱም አውሮፕላን ማረፊያው ወዳለበት ወደ ሹምሸሃ፣ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ይወርድና እንደገና 2,500 ሜትር አካባቢ ወጥቶ ከተማዋ ይገባል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጋሸና ላይ ጉም፣ ቁልቁለቱ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ ሹምሸሃ ላይ ፀሐይ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ጠዋት ወልድያ ላይ የያዛችሁት ፍጥነት ለሦስቱም አይሆንም። በየኩርባው እንደ አዲስ መመረጥ አለበት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንድ ሹፌር አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍና ፍሬኑ መያዝ እስኪጀምር አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያልፋል። በ60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ ብቻ 25 ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ፣ ደኅና ጎማ ካለው፣ 20 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል። አስፋልቱ ሲረጥብ 20ው ወደ 35 ያድጋል፤ በጠቅላላው 60 ሜትር መሆኑ ነው። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ወደ 70 ሜትር ይጠጋል። በ80 ብትነዱ እርጥብ ሜዳ ላይ እንኳ 95 ሜትር ያልፋል፤ በዚያው ቁልቁለት ከ110 በላይ ነው። በ40 ብትነዱ ግን ቁልቁለቱ ላይም ቢሆን 36 ሜትር ገደማ ይበቃችኋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን የሚፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ ስለሚጨምር ነው ልዩነቱ እንዲህ የሚሰፋው።

ፈረንሳዮች ይህን በሕግ አስቀምጠውታል፦ ዕይታ ከ50 ሜትር በታች ሲወርድ በየትኛውም መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው። በእኛው ሂሳብ በ50 የሚሄድ መኪና እርጥብ ሜዳ ላይ በ45 ሜትር ይቆማል፤ ሕጉ ለሜዳ ልክ ነው። የላስታ ቁልቁለት ላይ ግን 50 ሜትሩ አይበቃውም። በዚያ ላይ መንገዱ ጠቦ ሁለት መኪና በቅጡ የማያስተላልፍ ከሆነ ከፊት የሚመጣውም ያንኑ ርቀት እየበላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የምታዩት 50 ሜትር ለሁለት ይካፈላል፤ የእናንተ ድርሻ 25 ነው። በ25 ሜትር ቁልቁለት ላይ መቆም የሚቻለው በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮረትና ጭቃ ላይ ከዚያም ዝቅ ማለት ያስፈልጋል።

መሪ ይዞ ሜትር የሚለካ ሰው የለም፤ መቁጠር ግን ይቻላል። ከጉሙ ወይም ከኩርባው ውስጥ አንድ ነገር፣ ድንጋይም ሆነ የመብራት ምሰሶ፣ ብቅ ሲል “አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት” እያላችሁ ጀምሩ። አምስት ሳትሞሉ አጠገቡ ከደረሳችሁ ፍጥነታችሁ ከዓይናችሁ ቀድሟል፤ ቀንሱ። እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ሁሉ ከላይ ካለው ሂሳብ ጋር የሚስማማ ቀላል መለኪያ ነው። ከፊት ካለ መኪናም ቢያንስ አራት ቁጥር ራቁ። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ መቆም ነው፤ ኩርባ ላይ፣ ናዳ በሚወርድበት ገደል ሥር ወይም ወንዝ ውስጥ ግን አይቆምም። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት መልሶ የሚያሳውረው እናንተኑ ነው፤ አጭሩን አብሩ።

ቁልቁለት ላይ ፍጥነት የሚመረጠው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው። ዳገቱን የምትወጡበት ማርሽ የምትወርዱበትም ማርሽ ይሁን። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ መኪናውን ለፍሬን ብቻ ማስረከብ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ የተያዘ ፍሬን ደግሞ ይግላል፣ ሲግል ኃይሉን ያጣል። “ፍሬን እምቢ አለው” ከምንላቸው አደጋዎች ውስጥ ገና ከላይ በተሳሳተ ማርሽ የተጀመሩ አሉ። ጥቂት ቀን ደርቆ የቆየ አስፋልት ላይ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እጅግ ያንሸራትታሉ፤ አቧራው፣ ዘይቱና የጎማው ፍቅፋቂ ከውሃው ጋር ይለወሳሉና።

ተራራው ቢያንስ ያስፈራል። ሜዳው ግን ያታልላል። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትወርዱ መንገዱ ቀጥ ይላል፣ እግርም ነዳጅ ላይ ይከብዳል። ውሃ ያቆረ አስፋልት ላይ በ80ና ከዚያ በላይ ሲነዳ ጎማው፣ በተለይ ጥርሱ ያለቀው፣ ውሃውን ከሥሩ ማስወጣት ያቅተውና መንገዱን ለቆ ይንሳፈፋል። መሪው ድንገት ከቀለላችሁ እግራችሁን ከነዳጅ አንሡ፤ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታዙሩ። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥቶም ሊደርስ ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪናን፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ጎርፍ ሲሞላ መጠበቅ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሹፌሮች ሞልተዋል። ታዲያ ለምን ይፈጥናሉ? ፍጥነቱን ብቻቸውን ስለማይመርጡት ነው። ባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ቆጥሮ ይጠብቃል። መናኸሪያ ላይ ያለፈ ተራ የጠፋ እንጀራ ነው። ሲመሽ መንገድ ላይ መቅረት የሚያስፈራበት ጊዜ ነው፤ ከኬላ በፊት፣ ከጨለማ በፊት ለመግባት ሁሉም ይጣደፋል። እኛ ተሳፋሪዎችም “ኧረ ሹፌር፣ ንካው እንጂ! ሌላው እኮ ቀደመን” እንላለን። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት “ልጄ፣ በማርያም ቀስ በል” ሲሉ የሚስቅባቸው አይጠፋም። “ሞት እንደሆነ ቀኑን አይስትም” ብሎ ዝም የሚያሰኛቸውም አለ። እኔ ግን በዚያ መኪና ውስጥ ሂሳቡን በትክክል የሠሩት እሳቸው ናቸው እላለሁ። እምነት ያለው ሰው አብሮት የተቀመጠውን ነፍስ አይፈታተንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ድርጅቱ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ እንደሚጨምርም ይናገራል። ግልባጩንም አስቡት፤ ከፍጥነት ላይ የምትቀንሷት ትንሿም ነገር ነፍስ ታተርፋለች። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ያለውን 64 ኪሎ ሜትር በአማካይ በ50 ፋንታ በ40 ብትነዱ የሚጨመረው 20 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አሸንድዬ ደግሞ ቀናት የሚዘልቅ በዓል ነው፤ 20 ደቂቃ የዘገየ እንግዳ የሚያመልጠው ነገር የለም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። የራሳችሁን መኪና የምትነዱ፦ ማልዳችሁ ተነሡ፤ ከመሸባችሁም ወልድያ እደሩ። ባለንብረቶች፦ ክረምት ላይ ለሹፌራችሁ የምትሰጡትን ሰዓት አስፉለት፣ ጥርሱ ያለቀውን ጎማ ከበዓሉ በፊት ቀይሩለት። ተሳፋሪዎች፦ አንድ ሰው “ቀስ በል” ሲል ብቻውን አትተዉት፣ “ልክ ናቸው” በሉ። አንድ ድምፅ ሹፌሩን ያናድደው ይሆናል፤ አሥር ድምፅ ግን ከባለንብረቱም ከተራውም በላይ ከባድ ነው፣ ለመቀነስም ምክንያት ይሆነዋል። ሹፌሮች፦ ዘግይታችሁ ብትደርሱ የሚቆጣችሁን ሰው ወደ እኛ ላኩት። ቀስ እንድትሉ የለመንናችሁ እኛ ነን።