ያበጠ እግር በኃይል አይታሽም

ዛሬ የምነግራችሁ በራሴ ጥፋት ይጀምራል።

እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የመጨረሻው ወንበር ላይ ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ጥለው የሚቀመጡ እናት አሉ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳያልቅ አይነሡም። አንድ ቀን ልንጸልይላቸው ቤታቸው ሄደን እግራቸውን አየሁት፤ ዝሆኔ ነው። አንጀቴ ተላወሰና ቅቤ አስመጥቼ እንደ ወጌሻ ጠንክሬ አሸሁላቸው። በማግሥቱ እግራቸው ጋለ፣ ትኩሳትም አጣደፋቸው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄ መጥቻለሁ፣ ይህን ግን ማን አስተማረኝ?

ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው የተረዳሁት ይህን ነው። ደምን የሚገፋው ልብ ነው። ሊምፍ የሚባለው ፈሳሽ ግን እንደ ልብ ያለ ገፊ የለውም፤ በጡንቻ እንቅስቃሴና በትንፋሽ እየታገዘ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በደጋው አገራችን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ፣ ረቂቅ ብናኙ በቆዳ ገብቶ መተላለፊያውን ይጎዳል። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል።

የሊምፍ ማሸት የሚባለውን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ ኤስትሪድ ናቸው። ባልና ሚስት መሆናቸው ደስ ይለኛል። ዛሬ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ምክንያት ክንዳቸው ላበጠ ሴቶችም ይሠራበታል። እጅ ቆዳውን ብቻ በስሱ ያንቀሳቅሳል እንጂ ሥጋውን አይጨምቅም። መጀመሪያ በሆድ ረጅም ትንፋሽ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ ከብሽሽትና ከጭን ተጀምሮ፣ መንገዱ ከላይ ከተከፈተ በኋላ፣ ወደ እግር ይወረዳል፤ ግፊቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። እግሩ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም የልብ ድካምና በእግር ሥር የረጋ ደም ካለ ጨርሶ አይነካም። ‘መርዝ ያስወጣል፣ ያከሳል’ የሚሏችሁን አትስሙ።

ደግሞም እህቴ፣ ማሸት ብቻውን ዝሆኔን አያድንም። ዋናው መታጠብ ነው፦ በየቀኑ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን እንክብካቤ ባገኙት ዘንድ ያ የሚያጣድፈው ትኩሳትና ሕመም በአምስት አንድ እጅ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፤ ትኩሳቱ በዓመት ከሃያ ጊዜ በላይ ለሚጥለው ሰው ግን ብዙ የሥራ ቀን ነው።

የእኒያ እናት ባለቤት ‘ይጋባብኛል’ ብለው ለዓመታት መደብ ለይተው ይተኙ ነበር። ባለቤቴ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደማይጋባ ደጋግሞ አስረዳቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ሰሙት። በሳምንቱ ስንሄድ ግን የሞቀ ውኃ በሳፋ ይዘው ሲገቡ አገኘናቸው። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፤ ‘ቀስ’ እያልን ብዙ ቀን አለማመድናቸው።

ያለፈው እሑድ የእናታችን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ነበር።