«ሲስተም የለም» ማለት ምን ማለት ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ይህችን አባባል ያውቃታል፤ «ሲስተም የለም»። መብራት ሲጠፋ ሲስተም የለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሲስተም የለም። ባለሙያው ስብሰባ ሲገባም፣ የፕሪንተሩ ቀለም ሲያልቅም ያው ሲስተም የለም ነው። ድሮ «ኃላፊው የሉም» ስንባል ቢያንስ «የት ሄዱ? መቼ ይመለሳሉ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። ሲስተም ግን የት እንደሄደ አይጠየቅም።

ለዘገባ ሥራ በየወረዳው መመላለስ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። አንድ ነገር እየጠራልኝ መጥቷል። በወረዳ ደረጃ ያለው የቴክኖሎጂ ችግር የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በላይ የባለቤት እጥረት ነው። ኮምፒውተሩ አለ፤ ሲቆም «የኔ ጉዳይ ነው» የሚል ሰው ግን የለም።

ወረዳን በኔትወርክ የማገናኘት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት፣ ወረዳዎችን በሳተላይትና በፋይበር ከክልልና ከፌዴራል ለማገናኘት የታቀደ ትልቅ ፕሮጀክት ነበር። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን የቪዲዮ ስብሰባውን ነው፤ ከላይ ያለው ይናገራል፣ ከታች ያለው ማስታወሻ ይይዛል።

ገበሬውን በቀጥታ የነካው ቴክኖሎጂ የመጣው በመሬት በኩል ነው። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳዎች ከአየር በተነሳ ምስል ላይ ድንበራቸው ተለይቶ ተመዝግበዋል። ቀጥሎም የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት የተባለው ሶፍትዌር ወደ ወረዳዎች ወረደ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን የመሬት መዝገብ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። መሬት ይወረሳል፣ በስጦታ ይተላለፋል፣ ይከራያል፣ በፍቺ ይከፈላል። ይህ ሁሉ በየጊዜው ካልገባ መዝገቡ ቀስ በቀስ የሙታን መዝገብ ይሆናል።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ባላቸው የሞተባቸው እናት ይዞታውን በራሳቸውና በልጆቻቸው ስም ለማስመዝገብ መጥተዋል። ወራሽነታቸውን ያረጋገጠው የፍርድ ቤት ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ እጃቸው ላይ ነው። ልጁ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ፣ «እናቴ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ማክሰኞ ይምጡ» አላቸው።

«ባለፈው ማክሰኞም ማክሰኞ ብላችሁኝ ነበር» አሉት።

ቁጣ የለባቸውም። የባላቸው ወንድም ግን በዚያው ሰሞን ማሳውን ለማረስ በሬ ጠምዶ መምጣቱን ለጎረቤታቸው ሲነግሩ ሰማሁ። ለእኛ «ሲስተም የለም» ማለት የአንድ ቀን መጉላላት ሊሆን ይችላል። ለእሳቸው ግን የእርሻ ወቅት ነው የሚያልፈው።

ሲስተሙ የት እንደሄደ ለማወቅ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። መሬት ጽሕፈት ቤቱ «የአይሲቲ ሥራ ነው» አለ። የአይሲቲ ባለሙያው «ሶፍትዌሩን ያመጣው ፕሮጀክት ነው፤ የይለፍ ቃሉም በእኛ እጅ አይደለም» አለ። ፕሮጀክቱ ተጠናቆ ወጥቷል። «ክልል ይጠየቅ» ተባለ። ችግሩ ደግሞ ሲታይ ይህን ያህል አልነበረም፤ መብራት ሲቆራረጥ ሰርቨሩን የሚይዘው ባትሪ ሞቷል፤ መግዣ በጀት የለም።

ከአይሲቲ ባለሙያው ጋር ግማሽ ቀን ዋልኩ። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ የአስተዳዳሪውን ላፕቶፕ ከቫይረስ አጸዳ፣ ለስብሰባ ፕሮጀክተር ተከለ፣ የፋይናንስን ፕሪንተር ፈታ። በወረዳው ከሃያ በላይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ እሱ አንድ ነው። «ባክአፕ ትይዛላችሁ ወይ?» አልኩት። ከቦርሳው ሃርድ ዲስክ አውጥቶ አሳየኝ፤ በገዛ ደሞዙ የገዛው ነው። «ዝውውር ጠይቄያለሁ» አለኝ ቀጥሎ። ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ ለማን እንደሚቀር አልጠየቅሁትም፤ መልሱ ግልጽ ነበር። የአንድ ወረዳ መረጃ በአንድ ደግ ሰው ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።

«ይሄ የድህነት ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ ከኒውዮርክ ከተማ በስተምሥራቅ ያለው ሰፎክ ካውንቲ ነው። ካውንቲ በአሜሪካ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ ፖሊሱ፣ ጤናው፣ የመሬትና የቤት መዝገቡ እዚያ ነው። ሰፎክ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ሀብታም አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች መረጃውን ቆልፈው ቤዛ ጠየቁ፤ ካውንቲው አልከፍልም ብሎ ኔትወርኩን ዘጋ። የቤት መዝገብ ማየት ስለማይቻል ተስማምተው የጨረሱ ቤት ገዢና ሻጭ ለሳምንታት ተንጠልጥለው ቀሩ። አሜሪካ ውስጥ ማለት ነው፤ «ሲስተም የለም»!

ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በዲሴምበር 2021፣ የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ባለመዝጋቱ ክፍት በቀረ ሎግ ፎር ጄ በተባለ የሶፍትዌር ቀዳዳ እንደሆነ ምርመራው አሳየ። ይህ ጽሕፈት ቤት በራሱ በተመረጠ ኃላፊ የሚመራና የራሱ የአይቲ ክፍል ያለው ነው፤ የካውንቲው አስተዳዳሪ ደግሞ ሌላ የአይቲ ክፍል አለው። አደጋው ሲደርስ አንዱ በሌላው ላይ ጣት ቀሰረ። ሁሉንም የሚመለከት አንድ የኢንፎርሜሽን ደህንነት ኃላፊ አልነበራቸውም። ወጪው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ገንዘቡም ባለሙያውም እያለ ባለቤት ስላልነበረ ወደቁ።

ልዩነታችን ግን ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ሥራው ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ የድንገተኛ ጥሪ ተቀባዮች የደዋዩን አድራሻ በእስክሪብቶ እየጻፉ ፖሊስና አምቡላንስ ላኩ። ሁለተኛ፣ የካውንቲው ምክር ቤት ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ባለሥልጣናቱን ጠርቶ ጠይቆ፣ ሪፖርቱን ለሕዝብ ይፋ አደረገ። «ሲስተም የለም» ብሎ ዝም ማለት አልተቻለም።

እኛ አሁን በፍጥነት ወደ ዲጂታል እየሄድን ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዲስ አበባ ላይ የሚመረቁት ማዕከላት ያማሩ ናቸው። ነገር ግን የአብዛኛው ዜጋ መረጃ የሚገባውና የሚወጣው ወረዳ ላይ ነው። ሕጉ መረጃችን ይጠበቅ ይላል፤ ወረዳ ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ ዝውውር የጠየቀው ልጅ ነው።

መብራትና ኔትወርክ በወረዳው እጅ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ግን በእጁ ያሉ ነገሮች አሉ።

1. ለእያንዳንዱ ሲስተም በደብዳቤ የተሰየመ አንድ ባለቤት ይኑር፤ ስሙና ስልኩም በር ላይ ይለጠፍ። ፕሮጀክት ሲያልቅ የይለፍ ቃሉ፣ ሰነዱና ኃላፊነቱ ለዚያ ሰው በፊርማ ይተላለፍ።

2. ሲስተም በሚቆምበት ቀን የሚሠራበት የወረቀት ቅጽ ይኑር። እኚያ እናት ማመልከቻቸውን በቀንና በተራ ቁጥር አስመዝግበው ደረሰኝ ቢይዙ ኖሮ፣ ቢያንስ የባላቸውን ወንድም የሚያቆም ወረቀት በእጃቸው ይኖር ነበር።

3. የወረዳ በጀት አብዛኛው ደሞዝ እንደሆነ ይታወቃል። ቢሆንም ለባትሪ፣ ለጥገናና ለባክአፕ የምትሆን ትንሽ መስመር ከሥራ ማስኬጃው ላይ ትለይ። አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ ፎቶ እንነሳለን፤ ባትሪ ሲቀየር ግን ማንም አያጨበጭብም። ለዚህ ነው ሳይቀየር የሚቀረው።

የወረዳ ምክር ቤት አባላትም ሪፖርት ሲቀርብላቸው «ስንት ኮምፒውተር ተገዛ?» ከማለት «ስንት ቀን ቆመ? ስንት ባለጉዳይ ተመለሰ?» ብለው ቢጠይቁ ሪፖርቱ ራሱ ይለወጣል።

እኛም ባለጉዳዮች «ሲስተም የለም» ስንባል ዝም ብለን አንመለስ። ማንንም ሳንሰድብ፣ ድምፅም ሳናሰማ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የሚያስተካክለው ማን ነው? እስከዚያው መምጣቴን የሚያሳይ ወረቀት ትሰጡኛላችሁ?

በወረዳ አይሲቲ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ያጋጠማችሁን ጻፉልኝ። ስማችሁን አልጠቅስም።