ግሬዱ የማን ነው?

ቡራዩ፣ ሰኞ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ ወጣ። የማስተምርበት ኮሌጅ ግሬድ የሚያወጣው በቴሌግራም ቻናሉ ነው፤ ሙሉ ስም፣ አይዲ ቁጥር፣ ሚድ፣ ፋይናል፣ ግሬድ በአንድ የኤክሴል ፋይል ተደርድሮ ይለቀቃል። ቻናሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። ከተመረቁ የቆዩ አሉ፣ ለመመዝገብ ኮሌጅ የሚያማርጡ አሉ፣ ማንነታቸው የማይታወቅም አሉ። ድሮ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ለማየት ቢያንስ የግቢውን በር ማለፍ ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀቱንም ጥቂት ቆይቶ ፀሐይና ዝናብ ይጨርሱት ነበር። ፋይሉ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ይኖራል። ዘንድሮ ኤፍ ያገኘች ልጅ ነገ ሥራ ስትጠይቅም ኤፏ ይከተላታል።

ሬጅስትራር ጎራ ብዬ ለየብቻ መላክ አይቻል እንደሆነ ጠየቅሁ። «መምህር ደግሞ! ይሄን ሁሉ ተማሪ አንድ በአንድ ማን ይልካል? ግሬድ ምን ምስጢር አለው?» አለችኝ እዚያ የምትሠራው ልጅ እየሳቀች። አልፈርድባትም። ያደግነው ደረጃችን በሰልፍ ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው፤ አንደኛው ይጨበጨብለታል፣ የወደቀው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል።

ቡራዩ፣ ረቡዕ የካቲት 5

ከሱሉልታ አንድ አባት መጡ። በአዲሱ ገበያና በአስኮ ዞረው፣ ታክሲ እየቀያየሩ። ልጃቸው ሁለተኛ ዓመት ናት።

«መምህር፣ የልጄን ውጤት ይንገሩኝ።»

«አባቴ፣ እሷን ቢጠይቋት ይሻላል።»

«ከፋዩ እኔ፣ የማላውቀው እኔ!»

መልስ አጣሁ። ላም አልበው፣ ወተት ሸጠው ነው የሚከፍሉት። ግን ልጅቷ 20 ዓመቷ ነው፤ በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ጉዳይ ራሱ ይወስናል። ለከፈለ ሰው ደረሰኝ ይገባዋል፤ ግሬዱ ግን የተፈታኟ ነው። የሚያስቀው ደግሞ፣ እኔ አልናገርም ያልኩት ውጤት ቴሌግራም ላይ ተሰጥቶ ነበር። እሳቸው የያዙት ባለቁልፍ ስልክ ባይሆን ኖሮ ሱሉልታ ቁጭ ብለው ያዩት ነበር።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ሕግ፣ ልጁ 18 ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው ይዞራል። (ልጁን በግብር ማስታወቂያው ላይ ጥገኛዬ ብሎ ላስመዘገበ ወላጅ ግን ኮሌጁ ከፈለገ ማሳየት ይችላል። የከፋይ ነገር እዚያም አስቸግሯል ማለት ነው።) በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አምና በመጋቢት በምክር ቤት ጸድቋል። ኮሌጃችን ውስጥ አዋጁን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው የለም።

ሰበታ፣ ቅዳሜ የካቲት 8

ሰበታ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬን ልጠይቅ ሄድኩ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተከፈተው የሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ብሬል ከመዳፉ አይለይም። የግሬዱን ወሬ ሳነሳለት ቡናውን አስቀመጠና ሳቀ።

«እኔ እኮ ኮሌጅ ስማር ውጤቴን መጀመሪያ ራሴ ያወቅሁበት ቀን የለም። ሰሌዳው ጋ የቆመ ሰው ያነብልኛል፣ ዙሪያውን ያለው ሁሉ ይሰማል። ሲ ሳገኝ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግልኝም ነበር። እሱ ይብሳል።»

አሁን ስልኩ ጽሑፍ ያነብለታል፤ ቶክባክ የሚሉት ነገር። በጽሑፍ የተላከለትን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ብቻውን ይሰማል። ቢሮዎች ግን ወረቀቱን በካሜራ አንስተው ፎቶውን ይለጥፋሉ፤ ፎቶውን ደግሞ ስልኩ እንደ ጽሑፍ አያነብለትም፣ ስለዚህ ዛሬም ዓይን ያለው ሰው ይለምናል። ለእሱ የግል መልእክት ማለት ውጤቱን መጀመሪያ ራሱ ማወቅ ነው። ይህን ከሕግ መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ቡራዩ፣ ሰኞ የካቲት 17

ለሁሉም የተበተነው መዝገብ ባለቤቱ ሲጠይቀው ይቆለፋል። የአክስቴ ልጅ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እጇ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ነው፤ ቀጣሪው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይላል፣ ኦፊሻል ለማስላክ የኮስት ሼሪንግ ክፍያ ይጠየቃል፣ ኮስት ሼሪንግ ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋል። ውሉን ፈርማበታለች፣ ዕዳው ዕዳ ነው። ሆኖም ዕዳውን ከደመወዟ መቁረጥ የሚቻለው መጀመሪያ ደመወዝ ሲኖራት ነው።

የሐሰት ማስረጃ ስለበዛ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛን ዲግሪ ማጣራታቸው ተገቢ ነው። በደብዳቤ ጠይቀው፣ ባለመዝገቡ አውቆት፣ ትክክል ነው ወይም አይደለም የሚል መልስ ይበቃቸዋል። በስልክ «ውጤቷ ስንት ነበር?» ለሚል ድምፅ ግን የሚመለስ ነገር ሊኖር አይገባም።

ተማሪ የሆንክ፣ ተማሪ የሆንሽ አንባቢ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ስለ ራሳችሁ የተያዘውን መዝገብ የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት ይሰጣችኋል። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሬጅስትራር አስገቡ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመቱ። መልስ ካጣችሁ አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።